መቶ በመቶ

ኃጢአቴ መቶ በመቶ ነው። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥሩ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተጽፎ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። ሴቲንግ ይከፈታል፣ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ወረድ ሲሉ ስኬል የምትል መስመር አለች፤ ከፊቷ 100% ይል ነበር። ሰው በሌላ ነገር መቶ በመቶ ሲሆን ይሸለማል፣ ይጨበጨብለታል። እኔ በዚህች ቁጥር አንገቴን አጣመምኩ፣ የመሥሪያ ቤት ቀለም ጨረስኩ፣ የሰው ጽሑፍ ያለ ጥፋቱ አስቆረጥኩ፣ አንዲት የተከበሩ ደራሲ አስቀየምኩ፣ ይባስ ብዬ የአገሩን ተከራይ ሁሉ ባለ ደመወዝ አደረግኩ። የነፍስ አባቴ ስለ ኮምፒውተር መስማት ስለማይወዱ ለእናንተ መናዘዙ ይቀለኛል። ቅደም ተከተል ግን አትጠብቁ።

ሥራዬ የመጽሔት እርማት ነው። ሌላው የጻፈውን አንብቤ የተሳተ ፊደል እለቅማለሁ፣ የጎደለ አራት ነጥብ እተክላለሁ፣ «ሀ» እና «ሐ» ቦታ ሲለዋወጡ እቆጣለሁ። ከዚህ በቀር የማውቀው ሙያ የለኝም። እንዲህ ያለ ሰው «ዓይኔ ደከመ» ካለ በገዛ እጁ የሥራ መልቀቂያ እንደጻፈ ይቆጠራል ብዬ አምን ነበር። ማንም እንዲህ አላለኝም። እኔው ነኝ ለራሴ ያወጅኩት።

ነገሩ በሽታ እንኳ አይደለም። የዓይናችን ሌንስ ከልጅነት ጀምሮ እየጠጠረ ይሄዳል፤ አርባን ስንሻገር የቅርብ ነገር ለማየት የሚያስፈልገውን ያህል መለመጥ ያቅተዋል። ሐኪሞች ፕሬስባዮፒያ ይሉታል። ሀብታም አይል፣ ድኻ አይል፣ የተማረ አይል፣ ዕድሜ የሰጠውን ሁሉ ይደርስበታል። እኩዮቼ አንድ በአንድ ከመንገድ ዳር የማንበቢያ መነጽር ሲገዙ አየሁ፤ አዘንኩላቸው። እኔን የሚዘለኝ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ትሑት ስለሆንኩ።

ታዲያ ለምን ቁጥሩን ከፍ አላደረግክም ትሉኛላችሁ። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ውቀሱልኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያደግነው «ከመቶ ስንት አመጣህ?» እየተባልን ነው። ከመቶ በላይ ውጤት የለም፤ ካለም ተኮርጇል። ያንን ዝርዝር ከፍቼ 125፣ 150፣ 175 የሚሉትን ሳይ ጤነኛ ቁጥሮች አልመሰሉኝም። 125 ለሕመምተኛ፣ 150 ለጡረተኛ፣ 175 ደግሞ ልጆቹ ኮምፒውተር ገዝተው አጠገቡ ላስቀመጡለት አዛውንት የተዘጋጁ መሰሉኝ። ከወገቤ በላይ ቀና ብዬ መቶ ላይ ቆየሁ።

መቶው ከየት እንደመጣ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ኩራት በአንድ ከሰዓት ይረግፍ ነበር። አታሚዎች ፊደል የሚለኩበት ፖይንት የኢንች 72ኛ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ፒክስል ነበረው፤ ስለዚህ አንድ ፖይንት አንድ ፒክስል ሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደልና ወረቀቱ ላይ ያለው እኩል ወጡ። የማይክሮሶፍት ሰዎች ደግሞ ሰው ስክሪንን ከወረቀት ራቅ አድርጎ ነው የሚያየው ብለው ሲሶ ጨመሩበት፤ 96 ሆነ። እንግዲህ መቶ በመቶ ማለት «በአንድ ኢንች ውስጥ 96 ፒክስል እንዳለ አድርገን እንሥራ» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። 125 ሲሉ 120፣ 150 ሲሉ 144 ፒክስል ይታሰባል። እኔ ፈተና የደፈንኩ መስሎኝ ደረቴን የነፋሁበት ቁጥር ገና ዱሮ የተያዘ የግምት ልክ ነበር። ለዚያውም ለእኔ ስክሪን ያልተለካ።

ለኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ነው። የዊንዶውስ ዝርዝሮችና አዝራሮች ላይ ያለው ጽሑፍ 9 ፖይንት ነው እንበል፤ በመቶ ስኬል 12 ፒክስል ይደርሰዋል። ፈረንጁ በ12 ፒክስል ቁመት «ኤ»ውንም «ቢ»ውንም ጽፎ ይተርፈዋል። እኛ ግን በዚያችው ቦታ «ቢ» እግሯ ላይ ጭረት፣ «ቤ» እግሯ ላይ ቀለበት እንዳላት ማሳየት አለብን። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አናት ላይ የተጋደመ መስመር ነው፤ በዚያ መጠን ሲሆን የአንድ ፒክስል ዕድሜ ነው ያለው። «ጨ» እና ዘመዶቿን አታንሱብኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ኤብሪማም ፊደላችንን ጨመረ። ባለሙያዎቹ የተቻላቸውን አድርገዋል። ብራና ላይ ፊደሉን ጉልህ አድርገው የጻፉት አባቶችም የተቻላቸውን አድርገዋል። በመካከል እኔ ገባሁና ሁሉንም አጨናብሼ አነበብኩት።

ያ የተከራዩ ጉዳይ የመጣው ከዚህ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ውል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነበረን። «ተከራይ በየወሩ መጀመሪያ ይከፍላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጽሕፈት ላይ ተሳስቶ «ይከፈላል» ሆኖ ደረሰኝ። እኔ ስክሪን ላይ «ፈ» እና «ፍ» መንታ ናቸው። አሳለፍኩት፤ ታተመ። አንድ አንባቢ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ አንድም ቁጣ የለም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይኼ ተከራይ በየወሩ የሚከፈልበት ሰፈር የት አካባቢ ነው?»

«የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» አልኳቸው።

ማተሚያ ቤቱ በዚያ ወር ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ መድኃኒት መፈለግ ጀመርኩ፤ ስኬሉን ሳልነካ የሚፈውሰኝን። መጀመሪያ ያገኘሁት ሪዞሉሽን መቀነስን ነው። እኔ ባለ ሆድ ስክሪን ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ዘመን ሪዞሉሽን ሲቀነስ ፊደሉ ይተልቅ ነበር፣ ብዙም አይበላሽም ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ፒክስሎቹ ተቆጥረው የተሠሩ ናቸው። የእኔው በአግድም 1920፣ በቁም 1080 አለው። በ1024 በ768 ሥራ ሲሉት ያችኑ ትንሽ ሥዕል ለጥጦ ቦታውን ይሞላል፤ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። መደብዘዙን ግድ አልሰጠሁትም፤ ድብዝዝ ያለ ትልቅ ፊደል ጥርት ካለ ትንሽ ፊደል ይሻለኛል አልኩ። ያላሰብኩት ነገር ስፋትና ቁመቱ እኩል አለመለጠጡን ነው። ሒሳቡን ላስላ ብትሉ፣ ሁሉም ነገር ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል። ክብ ነገር ሁሉ የተጋደመ እንቁላል ሆነ። ሰው ሁሉ ወፈረ።

ቶሎ ለመድኩት። ሰው ወፍሮ ሲታይ ደግሞ አይከፋም፤ የኑሮ ውድነቱን ያስረሳል። ችግሩ የመጣው አንዲት አንጋፋ ደራሲ ከጽሑፋቸው ጋር የሚወጣ ፎቶ ሲልኩልን ነው። አይቼ አዘንኩላቸው። በአክብሮት ጻፍኩላቸው፤ «እትዬ፣ ይኼኛው ፎቶ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ያሳይዎታል፣ ሌላ ቢኖርዎት» ብዬ። ሌላ ላኩ። እሱም ያው ነው። «ከወጣትነትዎ ዘመን የሆነ ቢገኝ?» አልኳቸው። ከወጣትነታቸው ዘመን የሆነውን ላኩ፤ በወጣትነታቸውም ሰፊ ነበሩ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን አወጣነው። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ ገጹ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ሸንቀጥ ያሉ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ልከውልን አያውቁም።

ሪዞሉሽኑን ለመመለስ ስሞክር ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ዊንዶውስ ሪዞሉሽን ሲቀየር አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ «ይኼን ልተወው ወይስ ልመልሰው?» ይላል፣ 15 ሰከንድ ይቆጥራል፣ መልስ ካላገኘ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ያደረጉት ለደግ ነው፤ ስክሪኑ ጭራሽ ቢጨልም ሰው መውጫ እንዲያገኝ። ግን ጥያቄው የሚጻፈው እኔ ማንበብ በማልችለው መጠን ነው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ቃል ስለይ ጊዜው ያልቃል፤ ሥዕሉ ብልጭ ይልና ሰዎቹ ይወፍራሉ። ደግሜ እሞክራለሁ፣ ደግሞ ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩ የግል ቂም እንደያዘብኝ ለባለቤቴ ነገርኳት። «መነጽር ግዛ» አለች። ጨዋታ ቀየርኩ።

ቀጥሎ የመጣው ኃጢአት ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ጽሑፍ ሲደርሰኝ ሙሉውን መርጬ ፎንቱን 18 ማድረግ ጀመርኩ። በጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ዙም የሚባል ነገር እንዳለ፣ ኮንትሮልን ይዞ የማውዙን ጎማ ማሽከርከር ብቻ እንደሚበቃ፣ እንዲያ ሲደረግ የሚተልቀው እይታው እንጂ ሰነዱ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማደርገው ሰነዱን ራሱን ማሳደግ ነበር። 12 የነበረ ፊደል 18 ሲሆን በአንድ ተኩል ይበዛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚያድግ ግን የሚይዘው ቦታ ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። አራት ገጽ ዘጠኝ ገጽ ይወጣዋል።

አንድ ወጣት ጸሐፊ አራት ገጽ ላከልን። እኔ ዘጠኝ ገጽ አየሁ። «ጥሩ ነው፣ ግን ረዝሟል፤ ግማሹን ቀንሰው» አልኩት። ልጁ ተከራከረ፤ የታዘዘውን ያህል እንደጻፈ ማለ። «ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል» አልኩት። ፀጉሬ የሸበተው እውነት ነው። ቆረጠው። የአያቱን ለቅሶ የተረከበትን ክፍል፣ የጽሑፉን ሁሉ ልብ፣ አውጥቶ ጣለው። ገጽ አቀናባሪው ፎንቱን ወደ ልኩ ሲመልሰው ሁለት ገጽ ባዶ ቀረ። ባዶውን በመስቀለኛ ቃላት ሞላነው። የመስቀለኛ ቃላቱ ፊደል ደግሞ በጣም ትንሽ ስለነበር እርማቱን ሳላየው አሳለፍኩት፤ 7 ወደ ታች የሚለው መልስ የለውም ተብሏል።

አንገቴን ረስቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ወደ ስክሪን የተሰገገ አንገት ማታ አይመለስም። ታክሲውን ወቀስኩ፣ ትራሱን ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው በቅባት አሽተው አሽተው፣ «ምን ስትሸከም ኖረህ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ዓረፍተ ነገር» ልላቸው ነበር፤ አፈርኩ። «ሲሚንቶ» አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ጣቶቼ ምን እንደነኩ ሳላውቅ ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ገዘፈ። አንዷ «መ» ብቻዋን የመስኮት ያህል ሆነች፤ ማውዙን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ገጹ ሁሉ አብሮኝ ይንሳፈፋል። ቫይረስ ነው ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ያ ማግኒፋየር የሚባለው ነው፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ የመደመር ምልክትን ሲነኩ ይነሳል፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ኢስኬፕ ሲሉት ይጠፋል። ማየት ለተቸገረ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ማየት የተቸገረው ሰውዬ ግን ሶኬቱን ነቅሎ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

ሁሉንም በወረቀት አውጥቼ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። የማተሚያው ቀለም ማለቅ አስተዳደር ዘንድ ደረሰ፤ ወረቀቱ ቀረብኝ። ያን ጊዜ ነው ትልቁን ማታለያ የፈጠርኩት።

አጠገቤ የምትቀመጥ ወጣት ባልደረባ አለችኝ፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው። «እሙዬ፣ እስቲ ይችን አንቀጽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። «ለምን ጋሼ?» አለች። ለዚህ መልስ ተዘጋጅቻለሁ። ጽሑፍ የሚፈተነው በጆሮ መሆኑን፣ ዓይን እንደሚያባብልና ጆሮ ግን እንደማይታለል፣ ባለ ቅኔዎቻችን ቅኔያቸውን በወረቀት ሳይሆን በቃል መዝረፋቸውን፣ ቅኔን ሰምቶ እንጂ አይቶ ያደነቀ አለመኖሩን አስረዳኋት። ስናገር ራሴን አሳመንኩ። እሷ አንቀጿን አነበበች፤ ከዚያ ገጹን፣ ከዚያ መጽሔቱን። በመጨረሻ ኢሜሌንም በጆሮ ስመዝን ተገኘሁ። አንድ ቀን ከአስተዳደር የመጣ ደብዳቤ ከፈተችና ለክፍሉ ሁሉ በሚሰማ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ አነበበችው፤ «አራሚው በቅርብ ጊዜ የሚያሳልፏቸው ስህተቶች እየበዙ በመሆናቸው...»

ቆም አለችና፣ «ልቀጥል ጋሼ?» አለችኝ።

«አጻጻፉ ጥሩ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ለስህተቶቼ ምክንያቱ ስክሪኑ ማነሱ ነው የሚል ማመልከቻ አስገባሁ። አዲስ ይገዛልኝ፣ ትልቅ፣ ፎር ኬ የሚሉት ዓይነት። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የትልቅ ሰው ስክሪን ይመስላል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ገዙልኝ። 27 ኢንች። እዚህ ላይ ሒሳብ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚዋረድ ላሳያችሁ። የድሮዬ 24 ኢንች ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ገደማ ፒክስል ነበረው። አዲሱ 3840 በ2160 ስለሆነ 163 አለው። በመቶ ስኬል ያው 12 ፒክስል የምትይዘው ፊደል፣ ፒክስሎቹ ስለተጠቀጠቁ፣ አዲሱ ስክሪን ላይ ከቀድሞዋ ከመቶ 56 እጅ ብቻ ትሆናለች። ለዓይኔ ብዬ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ አስወጥቼ ፊደሉን በግማሽ ልቀንሰው ነው።

ልብ በሉ፣ ልቀንሰው ነው አልኩ እንጂ ቀነሰብኝ አላልኩም። ኮምፒውተሩ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበርና አዲሱ ስክሪን እንደተሰካ ልኩን አይቶ በራሱ 150 ላይ አስቀመጠው። አጠገቡም «ሪኮመንድድ» ብሎ ጻፈ፤ ይኼን እመክርሃለሁ እንደማለት። ፊደሉ ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ በዓለም ላይ እንደኔ የታደለ አራሚ አልነበረም። ከዚያ ቁጥሩን አየሁት። 150። ጡረተኛው። ማን አዘዘህ ብዬ በገዛ እጄ ወደ መቶ መለስኩት። አንቀጹ ሁሉ የተደፋ ጤፍ ሆነ።

የእህቴ ልጅ ማክ ነው የምትጠቀመው፤ እዚያ የመቶኛ ጣጣ የለም አለችኝ። ከግራ ጫፍ «ተለቅ ያለ ጽሑፍ»፣ ከቀኝ ጫፍ «ተጨማሪ ቦታ» የሚል ምርጫ ይቀርባል። ወደ የቱ እንደምሄድ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ተጨማሪ ቦታ በነፃ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው ካለ አላየሁም።

መጨረሻ ላይ የአይቲው ልጅ ነው ያዳነኝ፣ ለዚያውም ሳላዳምጠው። «ጋሼ፣ 125 እንኳ ያድርጉት፣ ይሞክሩት» አለኝ። ለማስደሰት አደረግኩት። ሌላው ሁሉ አማረ፤ ስንጽፍበት የኖርነው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ግን ደበዘዘ፣ ውሃ የነካው ይመስላል። «አየህ!» አልኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሠርጌ ቀን አልተሰማኝም። መቶ ትክክል ነበር፣ እኔ ትክክል ነበርኩ፤ ወደ መቶዬ ተመለስኩና የደበዘዘውን ፕሮግራም ለመጣው ሁሉ እንደ ማስረጃ እጠቅስ ጀመር።

ልጁ ትዕግሥተኛ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ስኬል የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ በ96 ልክ እንዲሣል ይተወዋል፣ ከዚያ የተሣለውን ሥዕል ለጥጦ ያሳየናል፣ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው አለኝ። ከዚያ የፕሮግራሙን አይኮን ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ገባ፤ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ከፈተ፤ ስለ ሃይ ዲፒአይ የሚያወራ አዝራር ነካ፤ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ዘጋው። ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት ፊደሉ ጠርቷል። ማስረጃዬ በአንድ ክሊክ ጠፋ። «ፊደሉን ብቻ ማሳደግ ከፈለጉም አለ» ብሎ ሴቲንግ ውስጥ ቴክስት ሳይዝ የምትባል ተንሸራታች አሳየኝ፤ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2018 ባገኘው ማሻሻያ የመጣች ናት፣ ሥዕሉን ሳትነካ ጽሑፉን እስከ 225 በመቶ ታደርሳለች። አመሰገንኩት። ምነው ቀደም ብለህ አልነገርከኝም ብዬም ወቀስኩት። እሱ ግን አዲሱ ስክሪን የገባ ዕለት ነግሮኝ ነበር።

አሁን 150 ላይ ነኝ። ሽንፈት ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ ሰበብ አግኝቼለታለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ያችን «ሪኮመንድድ» የምትለውን ቃል በጣቴ አሳያለሁ፤ እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው የመከረው፣ ይኼ ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን ባህሪው ነው እላለሁ። ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዶቹ ከበር ላይ ሆነው ነው የሚነቀንቁት፤ ስክሪኔ አሁን ከበር ላይ ይነበባል። ለዚያ ለአስተዳደር ደብዳቤ መልስ ስጽፍ የአስተዳደር ኃላፊው ከኋላዬ ቆመው እኔ ሳልጨርስ ጨርሰውታል።

አንድ ያልጠበቅኩት ዕዳ ግን ቀርቶብኛል። ያቺን ባልደረባዬን በውሸት ያስነበብኩበት ሰበብ እውነት ሆኖ ተገኘ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ጸሐፊው መንገድ ላይ ይረሳውና ግስ የሌለው ጽሑፍ ይልካል። ዓይን ይህን ያልፈዋል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ጆሮ ግን ግሱን ሲጠብቅ ይቆያል። እሷ ስታነብልኝ ስንቱን ግስ አልባ ይዘናል። ፊደሉ ከተለቀ ወዲህ ግን አንብቢልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ያ ሁሉ የቅኔ ንግግር ለምን እንደነበር ሊገባት ነው። ይኼን ጽሑፍ ስጨርስ የግድ ሆነብኝና ጠራኋት። ምንም አልጠየቀችኝም። ወንበሯን ለመሳብ እንኳ አልተነሳችም፤ ከራሷ ጠረጴዛ ሆና ቀና አለችና ጀመረች፤ ከዚያ ሆኖም ይነበባል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ግስ የላትም። ማን ነው የጻፈው?»